መብራት የጠፋ ለት

የምጽፈው ስለ ጫጩት ነው፤ ነገሩ የሚጀምረው ግን ከእባብ ነው።

ሁለተኛ ዓመት እያለን መምህራችን የእንስሳት ፊዚዮሎጂ ሲያስተምሩን፣ በውጭ አገር እባብን እንደ ድመት ቤት ውስጥ የሚያሳድጉ ሰዎች መኖራቸውን ነገሩን። እባቡ የሚኖረው በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው። የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው ስለሆነ ሌሊት ቤቱ ሲቀዘቅዝ ማሞቂያ ይደረግለታል፤ ካልሆነ የዋጠውን እንኳ መፍጨት ያቅተዋል። የሣጥኑ አንድ ጎን ሞቃት፣ ሌላው ቀዝቀዝ ያለ ይሆናል፤ የሚስማማውን እባቡ ራሱ ይመርጣል። ይሄኔ ከኋላ አንዱ «እኛ ጋ እባብን የሚያሞቀው ዱላ ነው!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

መምህሩ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው «አትሳቁ፤ የአንድ ቀን ጫጩትም ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእባብ ብዙ አትርቅም» አሉ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ ለፈተና ሸመደድኩት፣ አለፍኩ። ትርጉሙ የገባኝ ግን በኋላ፣ በታኅሣሥ ወር፣ እዚሁ አሶሳ እናቴ ቤት ነው።

እማዬ የዕቁብ ብር ደርሷት ነበር። «አንተ የተማርከው ይህንኑ አይደል? እንግዲህ አሳየኝ» ብላ 60 የአንድ ቀን ሳሶ ጫጩቶች አስመጣን። ዋጋቸው ረከስ ስለሚል የ45 ቀን ሳይሆን የአንድ ቀን ጫጩት እንግዛ ያልኩት እኔ ነኝ። ማሳደጉን አውቃለሁ ብዬ ነዋ! ካርቶን በካርቶን ቀጥዬ፣ ከላይ ሁለት ባለ 100 ዋት አምፖል አንጠልጥዬ፣ ቴርሞሜትሩን ጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ ላይ ሰቀልኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ወደ 3 ዲግሪ ገደማ መቀነስ። እንደ መጽሐፉ ነው የሠራሁት።

የአሶሳን ታኅሣሥ የማያውቅ ሰው «ቆላ አይደለም እንዴ፣ ምን ብርድ አለ?» ይል ይሆናል። ቀን እውነቱን ነው፣ የማንጎ ጥላ ያስፈልጋል። ሌሊት ግን ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድሩ ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል። ንጋት ላይ የእኛ ቤት ቴርሞሜትር 16 ዲግሪ ያሳያል። ለሰው አንድ ጋቢ ይበቃዋል። 40 ግራም ለምትመዝን፣ ላባ ላላወጣች ጫጩት ግን ሞት ነው።

በአራተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። መቼ እንደጠፋ አላውቅም፤ ተኝቼ ነበር። ወደ 11 ሰዓት ገደማ የነቃሁት በጫጫታ ሳይሆን ጫጫታ በመጥፋቱ ነው። በሞባይል መብራት ሳይ ሁሉም አንድ ጥግ ላይ ተቆልለዋል። ሙቀት ፍለጋ አንዱ በሌላው ላይ ሲወጣ ከሥር ያሉት ታፍነዋል። ቆጠርኩ፤ 23 ሞተዋል። እማዬ መጥታ አየች፣ ምንም አልተናገረችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መጥረጊያ አምጥታ ዝም ብላ አብራኝ አጸዳች።

ጠዋት ጎረቤታችን ያሉ አንዲት የበርታ እናት ወሬውን ሰምተው መጡ። ካርቶኑን አይተው፣ አምፖሉን አይተው «ልጄ፣ ዶሮዋ መብራት አላት እንዴ?» አሉኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ሙሉው ትምህርት እዚያ ጥያቄ ውስጥ ነበር። እናት ዶሮ ቤቱን አታሞቅም። ጫጩቶቿን ክንፏ ሥር ሰብስባ በሰውነቷ ሙቀት ታሞቃቸዋለች፣ ሙቀቱም እንዳይወጣ ትከለክላለች። እኔ ደግሞ ክፍት ካርቶን ላይ አየር ሳሞቅ ነበር። መብራቱ ሲሄድ ሙቀቱም አብሮት ሄደ።

ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የሣር ሣጥን የሚባለውን የጫጩት ማሳደጊያ አገኘሁ። አዲስ ነገር አይደለም፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ተመራማሪዎች ለገጠር ቤተሰብ ይስማማ እንደሆነ የፈተሹት ዘዴ ነው። መሐሉ ላይ ጫጩቶቹ የሚያድሩበት ጠባብ ክፍል አለ፤ ዙሪያውንና ክዳኑ በደረቅ ሣር ይታጨቃል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። የራሳቸው የጫጩቶቹ ሙቀት ነው የሚያዘው። ቀርከሃ በአሶሳ ሞልቷልና ሰፊ የቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ ትንሽ ቅርጫት ከትቼ፣ መካከሉን በሣር ሞላሁት። ጥግ እንዳይኖረውና እንዳይቆለሉ ክብ አደረግኩት፤ ለአየርም ቀዳዳ ተውኩለት።

በጣም ትንንሽ ስለነበሩ ሣሩ ብቻ ይበቃል ብዬ አላመንኩም። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ አንድ ጎን አስቀመጥኩ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 5 ሊትር ውሃ ከ80 ወደ 40 ዲግሪ ሲወርድ 840 ኪሎ ጁል ገደማ ይለቃል። ይህም አንድ ባለ 100 ዋት አምፖል 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በርቶ የሚሰጠውን ያህል ነው። ጀሪካኑን አንድ ጎን ብቻ ያደረግኩት እንደ እባቡ ሣጥን ነው፤ የበረደው ይጠጋል፣ የሞቀው ይሸሻል። እማዬ «ከሰል ብናስገባስ?» ብላ ነበር። እምቢ አልኳት። በተዘጋ ክፍል ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ጫጩቱንም እኛንም ይጨርሰናል።

እነዚያን ሌሊቶች እንቅልፍ አልነበረኝም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ የጎረቤት አምፖል ብልጭ ባለ ቁጥር ዘልዬ እነሳ ነበር። ከቴርሞሜትሩ ይበልጥ ያስተማሩኝ ራሳቸው ጫጩቶቹ ናቸው። ሲበርዳቸው ይከመራሉ፣ ይጮኻሉ። ሲሞቃቸው አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፣ ወደ ዳር ይሸሻሉ። ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከሄዱ ንፋስ የሚገባበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ተበታትነው ዝም ብለው ከተኙ አንተም ሂድና ተኛ።

ከ37ቱ 35ቱ ስድስተኛ ሳምንታቸውን ጨረሱ። እማዬ 20ውን ሸጠች፤ የቀሩት እንቁላል ጀመሩ። ትርፍ አገኘን ለማለት አልደፍርም፣ የዕቁቡ ብር ገና ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ግን በቀደም ለሴት ጓደኛዋ «ልጄ ዶሮ ያውቃል» ስትል ሰማኋት። «ተምሯል» አላለችም፤ «ያውቃል» ነው ያለችው።

ክልላችን የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መገኛ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ይህ ግድብ ጉባ ላይ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እኛም ከሁሉ ጋር ጨፍረናል፤ ደስታችንም እውነተኛ ነበር። ጫጩት ግን ሜጋ ዋት አታውቅም። እሷን የሚገድላት መብራት ሄዶ እስኪመጣ ያለው ጥቂት ሰዓት ነው። እኛ የትምህርት ክፍሉ ተማሪዎች ነገ ወደየቀበሌው ስንወጣ፣ ገበሬው መጀመሪያ የሚጠይቀን ስለዚያች ጥቂት ሰዓት ይመስለኛል። መልሱን ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ከወዲሁ እናዘጋጅ። እኔ በ23 ጫጩት ነው የተማርኩት፤ እናንተ ይህችን ጽሑፍ በማንበብ ብትማሩት ይረክሳል።