ዋጃ ላይ ግማሽ ሰዓት

ከማይጨው ወደ ወልዲያና ደሴ ሲመለሱ የሐሸንጌን ሐይቅ አይተው ኮረም ከደረሱ በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። ግራት ካሕሱ ይባላል። ኮረም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ከተራራው ግርጌ ያለችው አላማጣ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጋቢ ደርበው የጀመሩትን ጠመዝማዛ መንገድ መስኮት ከፍተው ይጨርሱታል። ከአላማጣ በኋላ የራያ ሜዳ ይዘረጋል። ግራና ቀኙ የማሽላ ማሳ ነው፤ ወደ ቆቦ ሲጠጉ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች ይታያሉ። ቆቦ ሳይደርሱ የሚያገኟት ትንሽ ከተማ ዋጃ ናት።

ብዙ መንገደኛ ዋጃን በመስኮት አይቷት ያልፋል። ልጆች ይዘው የሚጓዙ ከሆነ ግን እዚህ ግማሽ ሰዓት ቆም እንዲሉ እመክራለሁ። ቡናው አንድ ምክንያት ነው። ዋናው ምክንያት ግን ያንን ሁሉ ቁልቁለት የወረደው መኪናዎ ነው።

ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን ፒካፕ 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ70 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከሦስት ጀሪካን በላይ ማለት ነው። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ይዞት ካልወረደ ይህ ሙቀት በአብዛኛው የሚያርፈው ፍሬኑ ላይ ነው። መኪናው እየሄደ ጠረኑን ነፋስ ይወስደዋል፤ ሲቆም ግን ከጎማው ሥር ተነስቶ ወደ ጋቢናው ይገባል።

እኔን የማስታወቂያ ሥራ በየከተማው ያዞረኛል። በአንዱ ጉዞ ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ ላይ ካርቶንና ሰሌዳ ጭነን ከኮረም ወርደን ዋጃ መግቢያ ላይ ስንቆም የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ሾፌራችን ኮፈኑን ከፈተ። ጭስ የለም፤ ዘይት አልፈሰሰም፤ ሽቦም አልቀለጠም። ከዚያ መኪናውን እየዞረ የእጁን ጀርባ ሳያስነካ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጋ። የፊቶቹ ሁለቱም እኩል ሞቀዋል። ከኋላ ግን ቀኙ ለብ ሲል ግራው እንደ ምጣድ ይፋጃል።

ልብ ሊሉት የሚገባው ይህንን ነው። ግራና ቀኙ እኩል ከሞቁ ከቁልቁለቱ የመጣ ሙቀት ነው፤ በዕረፍት ይበርዳል። አንዱ ብቻ ከጋለ ግን ችግሩ እዚያው ጎማ ላይ ነው። ሳይጠገን ከተነዳ ሸራው ይቃጠላል፣ የፍሬን ዘይቱ ሊፈላና ፔዳሉ ባዶውን ሊወርድ ይችላል። ሲከፋም ጎማው እሳት ይይዛል።

አንድ ወጣት መካኒክ ተጠርቶ መጣ። “አብሽሩ፣ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ” አለን። ውሃ እናፍስበት ብንለው ከለከለን፤ የጋለ ብረት ድንገት ሲቀዘቅዝ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ከበረደ በኋላ የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ አስደግፎ፣ ማርሹንና የእጅ ፍሬኑን ለቆ የኋላውን በክሪክ አነሳው። ጎማው በእጅ አልዞር አለ። የእጅ ፍሬኑ ቢለቀቅም ወደ ግራው ጎማ የሚሄደው ኬብል በጭቃና በአቧራ ተይዞ አልተመለሰም ነበር፤ ሸራው ታምቡሩን እንደያዘ ነው ያን ሁሉ መንገድ የወረድነው። ኬብሉን አላቆ አጸዳው፣ ዘይት ቀባው፣ ሸራውንም አየ። አሁን ጎማው በአንድ እጅ ዞረ። “ይህ ወልዲያ ያደርሳችኋል፤ ኬብሉ ግን ይቀየር” ብሎ አሰናበተን። ቆቦ ላይ ቆመን እጃችንን ስናስጠጋ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እኩል ለብ ብለው አገኘናቸው።

ጠረኑ ከሌላ ቦታ ከሆነስ? ዳገት ላይ የሚሰነፍጥ፣ የተቃጠለ ወረቀት የሚመስል ጠረን ብዙውን ጊዜ የፍሪሲዮን ነው፤ ቆመው ያሳርፉት፣ ሲነዱም እግርዎን ፔዳሉ ላይ አያሳርፉ። ከኮፈኑ ሥር ጎማ ጎማ ከሸተተ ከሞተሩ ፊት የሚዞረውን ቀበቶ ይዩ። የተቃጠለ ዘይት ከሸተተ ዘይት በጋለ ብረት ላይ እየተንጠባጠበ ይሆናል። ጣፋጭ ጠረን ከራዲያተሩ ነው፤ ሳይበርድ ክዳኑን አይንኩ። የቀለጠ ፕላስቲክ ከሆነ ማርሚታው ላይ የተጣበቀ ፌስታል እንዳለ ያረጋግጡ። ከሌለ ሽቦ ሊሆን ስለሚችል ሞተሩን ያጥፉ፣ ልጆችን አውርደው ያርቁ፣ ጭስ ከሌለም የባትሪውን ኔጌቲቭ ያላቁ።

ከቤት ከመነሳትዎ በፊት ደግሞ የፍሬን ዘይቱን ያስመርምሩ። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። በየሁለት ዓመቱ መቀየሩ የሚመከረው ለዚህ ነው። የእሳት ማጥፊያ ይያዙ፤ የመንገዱንም ሁኔታ ቀድመው ይጠይቁ።

ዋጃ ሲደርሱ የእጅ ፍሬኑን ከመሳብ ይልቅ ሜዳ ቦታ ላይ ማርሽ አስገብተው ጎማውን በድንጋይ ያስደግፉ። ቡና ይዘዙ። በመስከረምና በጥቅምት ከሆነ ልጆቹን ማሳው ዳር ወስደው ከሰው ቁመት በላይ ያደገ ማሽላ ያሳዩዋቸው። የቆላው ፀሐይ ኃይለኛ ስለሆነ ኮፍያና ውሃ አይለያቸው። ከመነሳትዎ በፊት ግራና ቀኙን እንደገና ይፈትሹ። ያስደገፉበትን ድንጋይም ከመንገዱ ያንሱ፤ ከኋላዎ የሚመጣውም ልጆች ይዞ ይሆናል።