ከጢሮስ የመጣልን ብርሃን እና ወደ ቤሩት የሄዱ እኅቶቻችን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላትና ምእመናን፣ «የውጭ አገር አገልግሎትህ እንዴት ነው?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። መልሱን ያዘገየሁት ጊዜ አጥቼ ብቻ አይደለም፤ ስለ አገልግሎቴ ስጽፍ ስለ በደሌም መጻፍ እንዳለብኝ ስለማውቅ ነው።

ለትምህርት ወደ ቤሩት ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በሥራ ቀናት ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ፤ እሑድ በኢትዮጵያውያን ምእመናን መካከል በዲቁና አገለግላለሁ። ከመምጣቴ በፊት ሐዋርያዊ ተልእኮ ማለት ወንጌልን ላልሰሙት ማሰማት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እዚህ የጠበቁኝ ግን በእምነት ከእኔ ይልቅ የጸኑ፣ ነጠላቸውን በፌስታል ይዘው የሚመጡ፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶች ናቸው። ዕረፍት የተፈቀደላት ታስቀድሳለች። ያልተፈቀደላት ከበረንዳ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትደውልና «ዲያቆን፣ ቅዳሴው የት ደረሰ?» ትላለች።

በዚህ አገር የቤት ሠራተኛ የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር የተሳሰረ ነው። ሥርዓቱ «ከፋላ» ይባላል። አሠሪው ሳይፈቅድ ከቤት የወጣች ሠራተኛ፣ ተበድላ ብትወጣም እንኳ ሕገ ወጥ ሆና ትቆጠራለች። በ1946 እ.ኤ.አ. የወጣው የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግም የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። በ2012 ዓ.ም. የአገሪቱ ገንዘብ ዋጋ ባጣ ጊዜ፣ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች እኅቶቻችንን ከነሻንጣቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄደዋል። በዚያን ጊዜ እዚህ የነበሩ ምእመናን እስከ ዛሬ እያለቀሱ ያወሩታል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ለምትደውልልኝ ሁሉ «ታገሺ» እል ነበር፤ የጻድቁ ኢዮብንም ታሪክ እጠቅስ ነበር። አንዲት እኅት «ዲያቆን፣ ኢዮብን እኮ በር ቆልፎ የሚያስርበው ሰው አልነበረም» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አስቀድሜ «በልተሻል? በሩ ክፍት ነው? ፓስፖርትሽ ማን ጋር ነው?» ብዬ መጠየቅን ተማርሁ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንዲት ልጅ ከአሠሪዎቿ ቤት አምልጣ መጣች። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ የሰባት ወር ደመወዝ አልተከፈላትም። ጉዳይዋን ለጠበቃ ለማቅረብ ዝርዝሩን እንድጽፍ ካህኑ አዘዙኝ። ስሟን ስጠይቃት ሁለት ስም ነገረችኝ፤ አንዱ እናቷ ያወጣችላት፣ ሌላው አሠሪዋ ለመጥራት እንዲቀላት የሰጠቻት ነው። «ዕድሜሽስ?» አልኋት። ቀና ብላ አየችኝና «የትኛውን ልንገርህ? የፓስፖርቱን ነው የእናቴን?» አለችኝ። በፓስፖርቱ 27 ዓመቷ ነው፤ በእናቷ ቆጠራ ግን ገና 20 አልሞላትም።

እስክሪብቶው በእጄ ላይ ከበደኝ። እንዲህ ያለውን ዕድሜ እኔም በዚሁ እጄ ጽፌ አውቃለሁና።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ በወሎ በምትገኘው ትንሽ ከተማችን የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ ለሰው ማመልከቻ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን በሠፈራችን የተከበረ፣ ከኪዳን የማይቀር ሰው ጠራኝ። ልጃገረዶችን ወደ ዐረብ አገር የሚልክ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ደላላ ብሎ የሚጠራው ግን አልነበረም፤ «መንገድ የሚያሳይ» ይባል ነበር። አብራው የቆመችው የሰንበት ትምህርት ቤታችን መዘምርት፣ የ16 ዓመት ልጅ ናት። ለመታወቂያ በሚቀርበው ማመልከቻ ላይ 23 ብዬ ጻፍሁ። «በአንድ ቀን አሳደግኸኝ» ብላ ሳቀች። ሰውየው 50 ብር ሰጠኝ፤ 10 ብሩን በሙዳየ ምጽዋት ጨመርሁት። ልጅቷ ከሄደች ከስምንት ወር በኋላ ስልኳ ጠፋ። እኔ ወደዚህ ስመጣ እናቷ ፎቶግራፏን ሰጥታ «ዐረብ አገር ስትደርስ ልጄን ፈልግልኝ» አለችኝ። ማመልከቻውን የጻፍሁት እኔ መሆኔን አታውቅም ነበር።

ሕጉን በኋላ ክፍል ውስጥ ተማርሁት። በ2000 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የፓሌርሞ ፕሮቶኮልም ሆነ የአገራችን አዋጅ ቁጥር 1178/2012 እንደሚሉት፣ 18 ዓመት ያልሞላትን ልጅ ለብዝበዛ መመልመልና ማጓጓዝ፣ እርሷ ብትፈቅድም፣ በሰው መነገድ ነው። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን የሙሴ ሕግ ሰውን ሰርቆ በሚሸጥ ላይ የሞት ፍርድ ፈርዷል (ዘፀ. 21፥16)። ዮሴፍን በ20 ብር የሸጡት ባዕዳን አልነበሩም፤ ወንድሞቹ ነበሩ (ዘፍ. 37፥28)። እኔም ለእኅቴ እንዲሁ ሆንሁባት።

ለንስሐ አባቴ ተናዘዝሁ። «ለእግዚአብሔር ነግረሃል፤ አሁን ለእናቲቱ ንገራት» አሉኝ። ደውዬ ነገርኋት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «አንተም ልጅ ነበርህ። አሁን ግን አድገሃል፤ ፈልጋት» አለችኝ። እስከ ዛሬ አላገኘኋትም። ቅዳሴ በተፈጸመ ቁጥር ፎቶግራፉን ለምእመናን አሳያለሁ።

ከቤሩት በስተ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ዛሬ ሱር የምትባል ከተማ አለች፤ የመጽሐፍ ቅዱሷ ጢሮስ ናት። ሐምሌ 26 ቀን ዕረፍቱን የምናስበው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተገኘው ከዚህች ከተማ ነው። ፍሬምናጦስ ገና በወጣትነቱ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ ጋር ተማርኮ አክሱም ቤተ መንግሥት ደረሰ። አባቶቻችን በምርኮኛነቱ አልናቁትም፤ አመኑት፣ አከበሩት፣ ወደ አገሩ የመመለስ ነጻነትም ሰጡት። እርሱ ግን ወደ እስክንድርያ ወርዶ በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተሹሞ ተመለሰልን። ከዚህ ጠረፍ በመጣ ምርኮኛ ብርሃን አገኘን፤ ዛሬ ደግሞ እኅቶቻችንን ለምርኮ ወደዚሁ ጠረፍ እንሸኛለን። በዚህ ምድር ማገልገል ዕዳ መክፈል መሆኑን የተረዳሁት ይህን ባሰብሁ ጊዜ ነው።

ያቺ ያመለጠችው ልጅ በሚቀጥለው እሑድ ለቅዱስ ቊርባን ቀረበች። ካህኑ የክርስትና ስሟን ጠየቋት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች፤ «ወለተ ሥላሴ» ስትል ግን ድምፅዋ ለሁላችን ተሰማ። ለአራት ዓመት ማንም በዚህ ስም አልጠራትም ነበር። የፓስፖርቷና የደመወዟ ጉዳይ እስካሁን አላለቀም፤ ሁለት ጊዜ ለጉዳይዋ አብሬያት ሄጃለሁ፤ ሦስተኛውን እየጠበቅን ነው።

ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህን አገልግሎት ለመጀመር አውሮፕላን መሳፈር አያስፈልግም። ሐሰተኛ ዕድሜ ጻፍ ስትባል እንቢ በል። ለመታወቂያ ምስክር ሁን ስትባል የልጅቷን ዕድሜ እናቷን ጠይቅ። ለመሄድ የቆረጠች እኅት ካለች የውሏና የፓስፖርቷ ቅጂ በቤተሰቧ እጅ ይቅር፤ የደላላው ማንነትና የአሠሪዋ አድራሻም ይታወቅ። ከሄደችም በኋላ ስሟ ከመዝሙር ክፍል መዝገብ አይሰረዝ፤ ይደወልላት፤ በጸሎት ትታሰብ።

በግፍ የተያዙትን ሁሉ አምላካችን በሰላም ወደ እናቶቻቸው ይመልስልን። የእመቤታችን አማላጅነት፣ የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በረከት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር ወለወላዲቱ ድንግል ወለመስቀሉ ክቡር።