ፔዳል የሌለው ፍሪሲዮን

እማዬ የደወለችው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

«ማሙሽ፣ ሞተሩ ይጮኻል፤ መኪናዋ ግን አልሄድም አለች። የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል።»

ከድምጿ ጀርባ ዝናብ ይሰማል፤ ከዝናቡ ስር ደግሞ የመኪኖች ጉርምርምታ። የት እንዳለች መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከሥራ ስትመለስ ሀይዌይ 54ን የምትሻገርበት የጎልፍ መኪና ድልድይ ላይ ናት። ያውም ዳገቱ ላይ።

«መጣሁ» ብዬ ወጣሁ። በሩጫ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሆናል። ስሮጥ በጭንቅላቴ የሚመላለሰው ግን ዝናቡ አልነበረም። በሁለት ወር ውስጥ የዚያችን መኪና ቺንጋ ሁለት ጊዜ ቀይሬ፣ ሁለት ጊዜ «በቃ ተሠርታለች» ብያለሁ። አባዬ ሁለቱንም ጊዜ «ፑሌጃዎቹን ፈትተህ አየሃቸው?» ብሎ ጠይቆኛል። ሁለቱንም ጊዜ «አዎ» ብያለሁ።

አልፈታኋቸውም።

የምንኖረው ፒችትሪ ሲቲ ነው፤ ከአትላንታ በስተደቡብ ያለች የጆርጂያ ከተማ። ከሌሎቹ የሚለያት ወደ 160 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የጎልፍ መኪና መንገድ ያላት መሆኑ ነው። መንገዱ በጫካ መሀል፣ በሐይቅ ዳር፣ በሀይዌይ ስርና በሀይዌይ ላይ ይሄዳል። እዚህ ጎልፍ ተጫውቶ የማያውቅ ሰው በጎልፍ መኪና አስቤዛ ይገዛል፤ የሃይስኩል ተማሪ በእሷ ትምህርት ቤት ይሄዳል። መጀመሪያ ስንመጣ በጣም ያስቀን ነበር። በኋላ ግን እማዬ መሳቋን አቆመች፤ ምክንያቱም ነገሩ ለእሷ መዳኛ ሆነ።

እማዬ መንጃ ፈቃድ አላት። ሀይዌይ ግን አትወጣም፤ አንድ ቀን ሞክራ እጇ እየተንቀጠቀጠ ተመልሳለች፣ በቃ። ስለዚህ ሥራ የምትሄደው እኔ ወይም አባዬ ስናደርሳት ነበር። ሳይመቸን ሲቀር ፈረቃ ትቀይራለች፣ ካልሆነም ትቀራለች። በመጨረሻ ዕቁብ ሲደርሳት ማንንም ሳታማክር በ1,800 ዶላር አሮጌ የጎልፍ መኪና ገዛች። የ1990ዎቹ ሥሪት፣ ባለ ቤንዚን፣ ወንበሯ የተቀደደ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ከእንግዲህ አድርሱኝ ብዬ ማንንም አልለምንም» አለች።

እኔ እንግዲህ ያበላሸሁት ይሄንን ነው።

አባዬ መካኒክ ነበር። ሶማሌ ተራ አካባቢ ያለ ጋራዥ ውስጥ ኤንትሬ ሲፈታና ሲገጥም ነው ያደገው። እዚህ ከመጣ ወዲህ ግን ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ ነው የሚሠራው። የጋራዥ እንግሊዝኛ የለውም። እሱ የሚያውቃቸው ስሞች ጣሊያን ትቶልን የሄዳቸው ናቸው፦ ቺንጋ፣ ፑሌጃ፣ ሞላ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ። የመለዋወጫ ሱቅ ስንሄድ እኔ ነበርኩ አስተርጓሚው። አስተርጓሚ ሆኖ መኖር ደግሞ ሰውን ቀስ በቀስ ያሳብጠዋል። የአባቴን አፍ ስለተረጎምኩ ሙያውንም ያወቅኩ መሰለኝ። «አባዬ፣ ያንተ ጊዜ መኪና አይደለም፣ ይሄ በዩቲዩብ የሚሠራ ነው» ብዬው አውቃለሁ። ሳስበው አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

እውነቱ ምን መሰላችሁ? የመጀመሪያውን ቺንጋ ስቀይር የሞተሩን ፑሌጃ ለማውጣት ሞክሬ ነበር። የመሀሉ ቡሎን ወጣ፤ ፑሌጃው ግን ንቅንቅ አላለም። የሞተሩ ዘንግ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ስለሆነ ፑሌጃው እላዩ ላይ ተጣብቆ ይነክሳል፤ ለማውጣት ለሱ ተብሎ የተሠራ ረጅም የመንቀያ ቡሎን ያስፈልጋል። እኔ የለኝም። የመካኒክ ልጅ ሆኜ «አባዬ፣ አቃተኝ» ማለት ሞት መሰለኝ። ቡሎኑን መልሼ አጠበቅኩ፣ አዲስ ቺንጋ አስገባሁ፣ ዋሸሁ።

ያን ዕለት ማታ መኪናዋን እስከ ቤት ገፋናት። እኔ ከኋላ፣ እማዬ በአንድ እጇ መሪውን ይዛ ከጎን። ሁለታችንም በሰብሰናል። ምንም አላለችም። ቤት ስንደርስ ብቻ «ነገ ማን ያደርሰኛል?» አለች። ይቺ ጥያቄ ከስድብ ትብሳለች።

ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ከሌሊት ሥራ ገብቶ ሳይተኛ ጋራዥ ውስጥ አገኘሁት። የመኪናዋን ወንበር አንስቶ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅሎ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያያል።

«ፍሪሲዮኑ የታል?» አለኝ።

«ይሄው ነው፣ ፑሌጃው ራሱ ነው።»

«ፔዳሉስ?»

«ፔዳል የለውም። ራሱ ነው የሚይዘውና የሚለቀው።»

ከዚያ አስረዳሁት። ምናልባት ለእናንተም ይጠቅማል። ሞተሩ ላይ አንድ ፑሌጃ አለ፣ ከኋላ እግር ማርሽ ሳጥን ጋር ደግሞ ሌላ። እያንዳንዱን ፊት ለፊት እንደተያዩ ሁለት ሰሃኖች አስቡት፤ ቺንጋው በመሀላቸው ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር የፊተኛው ፑሌጃ ሰሃኖች የተራራቁ ስለሆኑ ቺንጋውን አይጨብጡትም፤ መኪናዋ አትሄድም። ነዳጅ ሲሰጣት ውስጥ ያሉት ክብደቶች በሽክርክሪቱ ኃይል ወደ ውጭ ይበተኑና አንዱን ሰሃን ወደ ሌላው ይገፉታል። ቺንጋው ይጨበጣል፣ መኪናዋ ትነሳለች። ፍጥነት ሲጨምር ሰሃኖቹ ይበልጥ ስለሚቀራረቡ ቺንጋው ወደ ዳር ይወጣል። ቺንጋ ደግሞ እንደ ላስቲክ አይለጠጥም፤ ስለዚህ የኋለኛው ፑሌጃ ሞላው እየተጨመቀ ይከፈትለትና እዚያ ወደ መሀል ይሰምጣል። ማርሽ ሳይነካ ማርሽ ተቀየረ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የምትሠራ የቤት መኪና የኔዘርላንዱ ዳፍ እ.ኤ.አ. በ1958 አሳይቷል። ዛሬ አብዛኛው ስኩተር የሚሄደው በዚሁ ዘዴ ነው።

አባዬ ሰምቶ ሰምቶ «ታዲያ ይሄ ፍሪሲዮንም ካምቢዮም ነው እኮ» አለ። አንድ ሳምንት ሙሉ ቪዲዮ አይቼ የገባኝን በአሥር ደቂቃ ጨረሰው።

ከዚያ የእጅ ባትሪ አብርቶ የጣቱን ጥፍር በሰሃኑ ፊት ላይ ከመሀል ወደ ዳር ሳበ። መሀል ላይ ጥፍሩ ተያዘ። «ቦይ አለው» አለ። «ቺንጋው ወደ ላይ ልውጣ ሲል እዚህ ይደናቀፋል።» ቀጥሎ የኋለኛውን ፑሌጃ በእጁ ከፍቶ ለቀቀው። መዝጋት ነበረበት፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ውስጡ ያሉት ትንንሽ የፕላስቲክ መንሸራተቻዎች አልቀው ብረት በብረት ላይ ይፋቅ ነበር።

በዚያች ቅጽበት የድልድዩ ነገር ገባኝ። እማዬ ዳገቱ ላይ ከፊት የሚመጣ ሰው ለማሳለፍ ቆማለች። ስትቆም የኋለኛው ፑሌጃ ተዘግቶ ቺንጋውን ወደ መነሻው መመለስ ነበረበት፤ አልተመለሰም። ስለዚህ መኪናዋ ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ ለመነሳት እንደሞከረች ቆጠሯት። አቅም የለም፤ ቺንጋው በቦታው ተንሸራተተ፣ ጋለ፣ ነደደ። አዲስ ቺንጋ ባስገባሁ ቁጥር ላረጁት ፑሌጃዎች ማገዶ እያቀረብኩ ነበር።

አባዬ የሞተሩን ፑሌጃ ቡሎን አየ። በላዩ ላይ የኔ መፍቻ የጫረው አዲስ ምልክት አለ። ዛገት ያልነካው። መካኒክ ደግሞ እንዲህ ያለ ምልክት እንደ ጋዜጣ ያነባል።

«አልወጣልህም?» አለኝ።

«አልወጣልኝም።»

«ፈታሁ ብለኸኝ ነበር እኮ።»

ዝም አልኩ። እሱም ዝም አለ፤ አሮጌውን ቺንጋ እያገላበጠ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው» አለ በመጨረሻ። «የኤንትሬ የኋላ ጎማ አስገባሁ። ዳዶዎቹን በእጄ ብቻ አዙሬ ለምሳ ወጣሁ። ስመለስ አለቃዬ ‹አጠበቅከው?› አለኝ። ‹አዎ› አልኩ። መኪናው ወደ ደሴ ተነሳ። ሾፌሩ ደብረ ብርሃን ሳይደርስ ኳኳታ ሰምቶ ቆመ፤ ሁለት ዳዶ ወድቋል። ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ቢሆን ኖሮ አስበው።»

«ምን አደረገህ አለቃህ?»

«አልመታኝም። ደሞዜንም አልቆረጠም። መኪናው ሲመለስ ጎማውን እንደገና አሠራኝና በሚቀጥለው ጉዞ ‹ጋቢና ግባ› አለኝ። ‹የሠራኸውን ተሳፈርበት።› እስከ ደሴ ድረስ ጎማ ሳዳምጥ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ያልጠበቀውን ጠብቋል ብዬ አላውቅም።»

ይሄን ታሪክ በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ስለ ጎበዝነቱ የተነገረ ሁሉ በቃሌ ነው፤ ስለዚህኛው ግን ማንም አልነገረኝም።

ሥራው ሁለት ቅዳሜ ወሰደ። የሞተሩ ፑሌጃ ስለተቦረቦረ በአዲስ ከመቀየር ሌላ መድኃኒት የለውም። የኋለኛው ግን ሰሃኑ ደህና ስለነበር መንሸራተቻዎቹንና ሞላውን ብቻ ቀየርን። ገንዘቡን ከኔ ደሞዝ አወጣሁ፤ አባዬ ላግዝህ አላለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የመንቀያ ቡሎኑ ሲመጣ እሱ ሳይሆን እኔ እንድይዘው አደረገ። በመዶሻ መምታት የለም፣ በሰሃኖቹ መሀል ብረት አስገብቶ መፈልቀቅ የለም፤ ሰሃኑ ይጣመማል። ቡሎኑን ማጥበቅ፣ ማጥበቅ፣ ማጥበቅ። ከዚያ ድንገት «ጧ!» ብሎ ለቀቀ። ሁለታችንም ደነገጥን፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ግራሶ ላነሳ ስል እጄን ያዘኝ። ልክ ነበር። የዘንጉ ጫፍም የሰሃኖቹ ፊትም ንጹሕና ደረቅ መሆን አለባቸው። ቅባት የነካው ቺንጋ ይንሸራተታል፤ አቧራም ይሰበስባል። ይሄን ማንም አልነገረውም። «በመጨበጥ የሚሠራ ነገር አይቀባም» አለ፣ በቃ።

መጨረሻ ላይ ከቪዲዮ ያገኘኋትን አንዲት ነገር እኔ አሳየሁት። በሁለቱ ፑሌጃዎች ፊት ላይ ከመሀል እስከ ዳር በማርከር መስመር ሠመርኩ። ተነድታ ስትመለስ ቺንጋው የደረሰበት ሁሉ ይጠፋል፤ ያልደረሰበት ይቀራል። አባዬ ማርከሩን ተቀብሎ ገልብጦ አየውና «ይሄ ጥሩ ነው» አለ። ከሱ አፍ «ጥሩ» ብዙ ነው።

«በል እንግዲህ፣ ግባ» አለኝ።

ድልድዩ ጋ ሄድን። ዳገቱ መሀል እማዬ የቆመችበት ቦታ ላይ አቆምኩ። እነዚህ መኪኖች እግር ከነዳጁ ሲነሳ ሞተራቸውም ስለሚጠፋ ጸጥ አለ፤ ከስር የሀይዌዩ መኪኖች ያልፋሉ። ከዚያ ረገጥኩ። ተነሳ፣ ያዘ፣ ወጣ። ሦስት ጊዜ ደገምነው። በሦስቱም አባዬ ጆሮውን ወደ ኋላ ሰጥቶ አዳመጠ። ቤት ገብተን ስናይ የፊተኛው መስመር እስከ ዳር ድረስ ጠፍቷል።

ለእማዬ ያን ማታ ነገርኳት። ሁለቱን «አዎ»ዎች፣ ሁለቱንም ቺንጋዎች። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ መክተፏን አላቆመችም። ስጨርስ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እሺ። ከሰኞ ጀምሮ አንድ ሳምንት ከሥራ ስወጣ እዚያ ትጠብቀኛለህ። አብረን ነው የምንመለሰው።»

«ተሠርታለች እኮ እማዬ፣ ራሴ ሦስት ጊዜ…»

«እሱን ብለኸኝ ታውቃለህ።»

ስለዚህ ከሰኞ እስከ አርብ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ከመሥሪያ ቤቷ በር እየጠበቅኩ አጠገቧ ተቀምጬ ተመለስኩ። እሷ ትነዳለች፤ እኔ አዳምጣለሁ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ በየቀኑ ሆን ብላ ዳገቱ መሀል ትቆማለች፣ አየት ታደርገኛለች፣ ከዚያ ትረግጣለች።

ቅዳሜ «በቃህ» አለችኝ። ሰኞ ብቻዋን ሄደች። እኔ ግን ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን እስካሁን ስልኬን አያለሁ።