ሽፈራውን የበላሁ ዕለት

ሽፈራው የሚባል አጎት አለኝ። በ1986 ዓ.ም. ለሥራ ተመድቤ አርባ ምንጭ በገባሁ በማግሥቱ፣ ሴቻ ላይ አንዲት ክፍል ያከራዩኝ እማማ ልጃቸውን ጠርተው «ሽፈራውን ቀጥፈሽ አምጪ፤ ለእንግዳችን ይቀቀልለት» ሲሉ ብሰማ ክው ያልኩት በዚሁ ምክንያት ነው። ልጅቱ ግን ከአጎቴ ጋር ጠብ አልነበራትም። ጓሮ ወዳለው ዛፍ ሄደች፤ ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጋ ትናንሽ ቅጠሎቹን እየመለመለች ሰፌድ ሞላች። ለካስ ሽፈራው ዛፍ ኖሯል! ጋሞዎች በቋንቋቸው ሀለኮ ይሉታል። እኛ አዲስ አበቤዎች ጎመን ከመደብ ላይ ብቻ የሚለቀም ይመስለናል። እዚያ ግን ጎመን ጥላ አለው፤ ከሥሩ ዱካ አውጥተው ይጨዋወቱበታል።

እማማ የበቆሎ ዱቄት በውሃ ለወሱ። ከዚያ በጣታቸው እያድበለበሉ፣ ቅጠሉ በሚፍለቀለቅበት ድስት ውስጥ እንደ ጠጠር በተኑት። ጨው ጨመሩ፣ ከደኑ። ሲበስል ውሃውን አጠለሉና ቅቤ ጣል አድርገውበት በሳህን አቀረቡልኝ። ከጎኑ ዳጣ አለ፦ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና በሶብላ በድንጋይ ተድጦ። ምግቡ ኩርኩፋ ይባላል። ከጋሞ ሌላ ደራሼና ኮንሶም ያውቁታል።

ያኔ 24 ዓመቴ ነው። እንጀራ ያልተነጠፈበት ማዕድ፣ ማዕድ የማይመስለኝ የከተማ ልጅ ነበርኩ። ሳህኑን አየሁ፤ እማማን አየሁ፤ የሚያሥቅ ነገር የተናገርኩ መስሎኝም «እማማ፣ ይኼ የሰው ነው ወይስ የዶሮ?» አልኩ። ማንም አልሣቀም። ሦስቱ ልጆች እናታቸውን ቀና ብለው አዩ። እማማ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ሳህኑን አንሥተው ወደ ጓዳ ገቡ። በዚያች ማታ በዳቦና በሻይ አደርኩ።

ከማግሥቱ ጀምሮ ማታ ማታ እንጀራ ይቀርብልኝ ጀመር። በሽሮ፣ አንዳንድ ቀንም በምስር። «አየህ፣ ሰው ካልተናገረ አይስተካከልም» ብዬ ራሴን አመሰገንኩ። ኪራዩን ስንዋዋል ራት አብሮ እንዲሆን ተስማምተን ነበር። ዋጋው የተቆረጠው ግን በኩርኩፋ ልክ እንጂ በእንጀራ ልክ እንዳልነበረ ማሰብ ያለብኝ እኔ ነበርኩ። አላሰብኩም። እንደዚሁ ሰባት ወር በላሁ።

አንድ ቅዳሜ ከወትሮው ቀደም ብዬ ወደ ቤት ተመለስኩ። በጓዳው በር በኩል ሳልፍ፣ እማማና ልጆቻቸው አንድ ሳህን ከበው ይበላሉ። አረንጓዴውን ከሩቅ አወቅሁት። እማማ ሲያዩኝ ደንገጥ ብለው የነጠላቸውን ጫፍ ሳቡና ሳህኑ ላይ ጣል አደረጉት። የሰረቁት ነገር ያለ ይመስል! ማታ ትልቋ ልጅ፣ 12 ዓመት ቢሆናት ነው፣ መብራት ልታመጣልኝ ስትገባ ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ እንጀራው ከጎረቤት የሚገዛ ነው፤ ያንተ ብቻ ነው፤ እኛ አንነካውም» አለችኝ።

እንግዲህ አስቡት። ሰዎቹ በገዛ ቤታቸው የገዛ ምግባቸውን ከእኔ ተደብቀው ሲበሉ ሰባት ወር አለፈ። ይቅርታ መጠየቅ አሰብኩ፤ አፌን ያዘኝ። ዛሬ ነገ ስል ዝውውሬ መጣ። ስሄድ ለእማማ ጃንጥላ ገዝቼ ሰጠኋቸው። ጃንጥላ! እሳቸው ግን ተቀብለው መረቁኝ።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ወዳጄ ልጅ ሠርግ ወደ አርባ ምንጭ ወረድኩ። ያረፍኩበት ሆቴል የምግብ ዝርዝሩን ሰጠኝ። ስፓጌቲ አለ፣ ፒዛ አለ፣ ክትፎ አለ። ኩርኩፋ የለም። አስተናጋጁን ብጠይቀው ፈገግ አለና «ጋሼ፣ እሱማ የቤት ምግብ ነው፤ ለእንግዳ አይሆንም» አለኝ። ያቺ ነጠላ ትዝ አለችኝ። የሚገርመው ደግሞ፣ ያው ቅጠል ደርቆና ተፈጭቶ፣ «ሞሪንጋ» የሚል ስም ወጥቶለት፣ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ በማሸጊያ ይሸጣል። ስኳር አለብን፣ ደም ግፊት አለብን የምንል ሁሉ እንደ ሻይ እያፈላን እንጠጣዋለን። እዚያው በበቀለበት አገር ግን ከእንግዳ ይደበቃል።

ወደ አርባ ምንጭ ለሚሄድ መንገደኛ የሚነገረው ስለ ዓሣ ነው። ሐሰት አይደለም። የጫሞ ዓሣ በቢላ ተተልትሎ፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ ጠርዙ ሲንኮሻኮሽ፣ በእጅ እየቦጨቁ ዳጣ እያስነኩ ቢበሉት የሚቆጭ የለም። ሙዙም በየመንገዱ ዳር እንደ ማገዶ ተቆልሎ ይጠብቃል። ነገር ግን ጋሞን በምላሱ ማወቅ የሚሻ ሰው ሽቅብ መውጣት አለበት። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጨንቻ 2700 ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በዚያች አጭር መንገድ ማዕዱ ይለዋወጣል፦ ታች በቆሎ፣ ሙዝና ሽፈራው፤ ከፍ ሲሉ እንሰት፤ ብርዱ ሲጠነክር ገብስና ድንች፤ ጨንቻ ሲደርሱ ደግሞ ሚሲዮናውያን ያስለመዱት አፕል በየጓሮው።

ከሠርጉ በማግሥቱ ዶርዜ ወጣሁ። ሽሮ ሜዳ ሄዶ ጋቢ የሚገዛ አዲስ አበቤ የዶርዜን እጅ ያውቃል፤ ማዕዱን ግን አያውቅም። የዝሆን ፊት ከሚመስለው የቀርከሃ ቤት ጓሮ አንዲት ሴት የእንሰቱን ግንድ ጣውላ ላይ አስደግፋ ትፍቃለች። የተፋቀው በኮባ ተጠቅልሎ ይቀበርና ለወራት ይብላላል። ከዚያ ቆጮ ይሆናል። ሴትየዋ የተብላላውን አውጥታ በቢላ አደቀቀችው፤ በኮባ ቅጠል መካከል አሳስታ ጠፈጠፈችው፤ ምጣዱ ላይ አሳረፈችው። ትኩሱን ከማርና ከዳጣ ጋር አቀረበችልን። ቆጮው ኮምጠጥ ይላል፣ ማሩ ያባብላል፣ ዳጣው ያቃጥላል። ሦስቱን በአንድ ጉርሻ መዋጥ ነው። ከላዩ አንድ መለኪያ አረቄ ከተጨመረበት ብርዱ ይረሳል።

አብረውን የነበሩ ፈረንጆች አጨበጨቡ፤ ፎቶ አነሡ። ሴትየዋም ኮራ ብላ ሁለተኛውን ጠፈጠፈች። እኔ ግን ዓይኔ ከእጇ ላይ አልተነሣም። ይህችም የራሷን ምግብ ነው ያቀረበችው፤ እማማም የራሳቸውን። ይህችን ማዕዷን እንድትገልጥ ያደረጋት የእንግዶቿ ደስታ ነው። እማማ የሸፈኑት ደግሞ ከእኔ አፍ በወጣ አንድ ቃል። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይባላል። ሰርዶውን የናቀው በሬ ከሌላ አገር የመጣው በሬ ነበር።

ከዶርዜ ስመለስ በቀጥታ ሴቻ ሄድኩ። ሰፈሩ ተለውጦ ፎቅ በፎቅ ሆኗል። ቤቱን ያገኘሁት በሽፈራው ዛፍ ምልክት ነው፤ ያው ጓሮ፣ ያው ዛፍ፣ ግንዱ ብቻ ወፍሯል። በሩን የከፈተችልኝ ያቺው ትልቋ ልጅ ናት፤ ዛሬ እሷም የልጆች እናት ሆናለች። ፊቴን አየት አድርጋ ስሜን ጠራችና አቀፈችኝ። እማማን ስጠይቃት ወደ መሬት አየች። ካረፉ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። 30 ዓመት ያዘገየሁትን ይቅርታ ይዤ ደጃፍ ላይ ቀረሁ።

አስገብታ አስቀመጠችኝ። ወዲያው ልጇን ጠርታ ብር እያወጣች «ሩጥ፣ እንጀራ ገዝተህ ና» አለችው። የብሩን እጅ ያዝኩት። «ኩርኩፋ ካለ ብቻ ነው የምበላው» አልኩ። እየቀለድኩ እንደሆነ ለማወቅ ትክ ብላ አየችኝ። እንደማልቀልድ ሲገባት፣ ሰፌዱን አንሥታ ወደ ጓሮ ወጣች።

ሁላችንም ከአንድ ሳህን በላን። ቅጠሉ መረር ይላል፤ በቆሎው ያንን ምሬት ያለዝበዋል፤ ዳጣው ሁለቱንም ይቀሰቅሳል። ላቤ በግንባሬ እየወረደ ሦስት ጊዜ አስጨመርኩ። ስለ እናቷ ማለት የፈለግሁትንም እዚያው፣ አፌ እንደሞላ፣ እንደምንም አልኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ሳህኑ ጥግ ላይ የቀረውን ኩርኩፋ ወደ እኔ እየገፋች ሣቀች።

«ጋሼ፣» አለችኝ፣ «ያኔ እንዲህ ብትበላልን ኖሮ እኮ ስንት ብር ይተርፈን ነበር!»