ከኋላ የሚከተል ጭነት

በጭነት ከብት የሚጓዝ ሰው መንገድ ከመጀመሩ በፊት የዳውላውን ግራና ቀኝ ያመዛዝናል። አንዱ ወገን ካጋደለ ጭነቱ ይወድቃል፤ ወይም የከብቱ ጀርባ ይቆስላል። ይህ የቆየ ዕውቀት በመኪና ዘመንም አላረጀም። እኔ ይህን ያረጋገጥሁት ከቤተሰቤ ጋር በላንጋኖ ሐይቅ ዳር በድንኳን ለመሰንበት አስበን የዕቃ ተሳቢ በመረጥንበት ጊዜ ነው።

ሁለቱን ልጆች ጨምሮ አምስት ነበርን። ድንኳኑ፣ ፍራሹ፣ ብርድ ልብሱ፣ ምድጃውና የውሃው ጀሪካን ከእኛ ጋር በአንድ የቤት መኪና ሊገቡ አልቻሉም። ወዳጆቻችን ሊያውሱን የፈቀዱት አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ተሳቢ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ትልቁን ወደደ፤ «ቦታ ቢተርፍ ምን ይጎዳል?» አለ። ባለቤቴ ግን «ጋሼ፣ ባዶ ቦታ ካየን መሙላታችን አይቀርም» ስትል መለሰችለት። የመኪናውን መመሪያ ገልጠን ስናነብ ክርክሩ አበቃ። መኪናው እንዲጎትት የተፈቀደለት ከፍተኛ ክብደት የተሳቢውን የራሱን ክብደት ይጨምራል፤ ትልቁ ተሳቢ ደግሞ ባዶውን እንኳ የዚህን አብዛኛውን ክፍል ይወስድ ነበር። ስለዚህ ትንሹን መረጥን።

ክብደት የሚያሳስበው ከመጎተቱ ይልቅ በማቆሙ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለው ላንጋኖ ግን በ1,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እንግዲህ ሲሄዱ መንገዱ በጠቅላላው ወደ ታች ይወርዳል። ትንሽ ተሳቢ ብዙውን ጊዜ የራሱ ፍሬን ስለሌለው ክብደቱን የሚያቆመው የመኪናው ፍሬን ብቻ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬኑ ሊገታው የሚገባው የእንቅስቃሴ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

ቀጥሎ የመጣው የአጫጫን ጉዳይ ነበር። ከባዱ ዕቃ በወለሉ ላይ፣ ሁለቱን ጎማዎች ከሚያገናኘው አክስል ጥቂት ወደ ፊት ይቀመጣል፤ ቀላሉ ከላይና ከኋላ ይሆናል። በተለመደው አሠራር ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመንጠቆው ላይ ያርፋል፤ 400 ኪሎ ቢመዝን ከ40 እስከ 60 ኪሎ ማለት ነው። የመኪናው መመሪያ ከዚህ ያነሰ ከወሰነ ግን የሚከበረው እርሱ ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ካጋደለ የመኪናው ጀርባ ወደ ላይ ይነሣል፤ የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን አጥብቀው መያዝ ይሳናቸዋል፤ ተሳቢውም እንደ ጅራት ይወዛወዛል። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይባላል፤ በዚህ ጊዜ ግን ጥፋቱ በእርግጥም የዳውላው ነው። መወዛወዝ ሲጀምር መሪን ቀጥ አድርጎ ይዞ እግርን ከነዳጅ መስጫው ቀስ ብሎ ማንሣት እንጂ ድንገት ፍሬን መርገጥ አይገባም።

በሞጆና በባቱ ባረፍንበት ጊዜ ወንድሜ ሳይታዘዝ እየወረደ መንጠቆውን፣ ሰንሰለቶቹን፣ የጎማውን ነፋስና የኋላውን መብራት ይመረምር ነበር። ትልቁን ተሳቢ የወደደው ሰው ከሁላችን ይልቅ ጠንቃቃ ሆነ።

ለጉዞ የሚሰናዳ ሰው ዘወትር የሚጠይቀው «ምን ልያዝ?» ብሎ ነው። ተሳቢ የሚጎትት ሰው ግን «ምን ልተው?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። በኋላው ወንበር የተኙት ልጆች ጭነቱን አይመዝኑትም፤ የሚመዝንላቸው የጫነው ሰው ነው።