የሚሳብ ጨርቅ የሚሳብ ስፌት ይፈልጋል

ዒድ ሲቃረብ በብቸናም ሆነ በሞጣ የልብስ ሰፊዎቻችን በረንዳ ይጨናነቃል። ሥራው ግን እንደ ቀድሞው ቴትሮንና ፖፕሊን ብቻ አይደለም። እህቶቻችን የሚለብሱት ሂጃብና የእጅ መሸፈኛ፣ የሕፃናቱም ካናቴራ፣ አብዛኛው የሚሳብ ጨርቅ ሆኗል።

ይህ ጨርቅ እንደ ሸማ ድርና ማግ የለውም፤ ክሩ ቀለበት እየሠራ እርስ በርሱ የተያያዘ ስለሆነ እንደ ሹራብ ይለጠጣል። በእግር የሚሠራው ነባሩ መኪናችን ደግሞ የሚያውቀው ቀጥ ያለ ስፌት ነው። ጨርቁ ሲሳብ ክሩ አይከተልም፤ ልጅቷ እጇን ስታስገባ ቅምቀማው ይበጠሳል። ከተማሪዎቻችን መካከል ጠርዙ የተተረተረ እጅጌዋን ከዴስክ ሥር የምትደብቅ አለች። እናቷ በዓመቱ አጋማሽ ሌላ መግዣ ከየት ታምጣ? ሰዉ «ጨርቁ የማይረባ ነው» ይላል፤ እኛ ግን ጨርቁ ምንም አልበደለም እንላለን።

መፍትሔው ኦቨርሎክ ነው። ይህ ስፌት ከአሜሪካው የሜሮው ፋብሪካ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬ ለቤት የሚሆን ትንሽ መኪናም አለ። ያላቸው ቤተሰቦች ግን ጠርዝ ከመዘምዘም በቀር አያሠሩትም፤ ይህ ያሳዝነናል። በጎኑ ያለችው መዘውር የፊቶቹ ጥርሶች ከኋለኞቹ በፍጥነት ጨርቁን እንዲገፉ ታደርጋለች። ከ1 ወደ 1.5 ከፍ ሲያደርጓት ጠርዙ እንደ ቅጠል መወዛወዙን ይተዋል።

ቅምቀማም ይሠራል። የግራውን መርፌ አውጥቶ ስፌቱን ማርዘም ነው። ጠርዙን ወደ ውስጥ አጥፎ፣ እጥፉን መልሶ ወደ ውጭ መቀልበስ፤ ጫፉ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ይታይ። መርፌዋ የእጥፉን አፋፍ ብቻ ነክታ ትለፍ፤ ቢላዋው እጥፉን ከቆረጠው ግን ልብሱ ተበላሸ። ሲዘረጋ ስፌቱ ከውጭ እምብዛም አይታይም።

ይህን ሙያ ወንዶች ልጆቻችንም ቢማሩት እንወዳለን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ልብሳቸውን በእጃቸው ይሰፉ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግረውናል። በአገራችን ሸማኔና ሰፊ ሲናቅ የኖረው በምን ምክንያት እንደሆነ አይገባንም።

መብራት ሲጠፋ ወይም ኦቨርሎክ ከሌለ በእግር መኪናም ይቻላል። ጫፉ ደንዘዝ ያለ የካናቴራ መርፌ ማስገባት፣ የላይኛውን ክር ማላላት፣ ሲሰፉ ጨርቁን ከፊትና ከኋላ በስሱ መወጠር፤ ያን ጊዜ ክሩ ትርፍ ያገኛል። የተለጠጠው ጠርዝ እርጥብ ጨርቅ ተደርጎበት በከሰል ካውያ ሲጫኑት ይሰበሰባል። ካውያውን እያነሱ ማሳረፍ እንጂ መግፋት አይገባም።