በራይን ወንዝ ዳር እግሩን ተመልከቱ

ኑሯችሁ በጀርመን አገር ከሆነ፣ ወይም በሐምሌ ወር ዘመድ ልትጠይቁ ወደዚያ ከሄዳችሁ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በኮሎኝ ከተማ ደቡባዊ ክፍል ወደምትገኘው ሮደንኪርሽን ውረዱ። ራይን ወንዝ እዚያ አሸዋማ ዳርቻ አለው። ጫማችሁን አውልቃችሁ ተራመዱ፤ ወደ ውኃው ግን አትግቡ፤ ወራጁ ኃይለኛ ነው።

አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ ቢጫና ጥቁር የውኃ ተርብ አሸዋው ላይ ብታዩ ለመሰየም አትቸኩሉ። በመጀመሪያ ዓይኖቹን ተመልከቱ። የብዙዎቹ ትልልቅ የውኃ ተርቦች ዓይኖች አናታቸው ላይ ይገናኛሉ፤ የዚህኛው ግን የተራራቁ ናቸው። ቀጥሎ እግሩን እዩ። ጥቁር ብቻ ከሆነ ቀደም ብሎ በግንቦት የሚበዛው ዘመዱ ሊሆን ይችላል። በጥቁሩ ላይ ቢጫ መስመር ካለበት ግን ስቲሉሩስ ፍላቪፔስ የተባለውን አስቡ፤ «ፍላቪፔስ» በላቲን ቢጫ እግር ማለት ነው። ቢጫ እግር ያለው ሌላም ዘመድ ስላለ፣ የሆዱ ጫፍ ወፈር ማለቱን አረጋግጡ፤ የሌላኛው ቀጭን ነው።

ይህ ፍጡር መብረር ከጀመረ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ባለሙያዎች ይበልጥ የሚፈልጉት አሸዋው ላይ ጥሎት የሚሄደውን ባዶ ቅርፊት ነው። ሁለት ሦስት ዓመት በወንዙ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ያድጋል፤ ከዚያም ከውኃው ጥቂት ራቅ ብሎ ቅርፊቱን ሰንጥቆ ይወጣል። ያን ጊዜ ክንፉ ለስላሳ ስለሆነ ሊሸሽ አይችልም። የጭነት መርከብ ሲያልፍ የሚነሣው ማዕበል ብዙዎቹን ጠርጎ የሚወስደው በዚህች አጭር ሰዓት ነው። ልጃችሁ እጁን ሲዘረጋ በቀስታ ያዙት። ያልደረቀ ክንፍ ከተነካ ተጣሞ ይቀራል።

ወንዙም ራሱ ታሪክ አለው። ለረጅም ዘመን የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ሲወርድበት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ ባዝል አጠገብ የኬሚካል መጋዘን ተቃጥሎ ውኃው ቀላ፤ ዓሣዎችም አለቁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽዳት ተደረገ። ለዐሥርተ ዓመታት ጠፍቶ የነበረው ባለቢጫ እግርም በ1990ዎቹ ወደ ራይን ተመለሰ።

ስለዚህ ባልና ሚስት ሥራ ተካፈሉ፤ አንዳችሁ የእግሩን ፎቶግራፍ አንሡ፣ ሌላችሁ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። ካልተስማማችሁ አትጨቃጨቁ፤ «አላወቅነውም» ብላችሁ መዝግቡና በማግስቱ ተመለሱ።